ሃያ አምስት ዓመት አገልግለው ስማቸው ሳይጠራ ቀረ

ጥያቄ

ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልኝ። በአንድ ዩኒቨርሲቲ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል ባለሙያ ነኝ፤ ሥራ ከጀመርኩ አራት ዓመት ሆኖኛል። ዩኒቨርሲቲያችን በየዓመቱ 10፣ 15፣ 20፣ 25 እና 30 ዓመት ላገለገሉ ሠራተኞች የምስክር ወረቀት ይሰጣል። በዚያው ዕለት «የዓመቱ ምርጥ» የተባሉ ሠራተኞችም ይሸለማሉ። ባለፈው ዓመት የረጅም ጊዜ አገልጋዮችን ዝርዝር ያወጣሁት እኔ ነበርኩ።

በኬሚስትሪ ላብራቶሪ የሚሠሩ አንዲት ቴክኒሻን አሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። 25 ዓመት እንደሞላቸው ያውቃሉ። የጥሪ ወረቀት ሳይደርሳቸው ሲቀር «ዘግይቶ ይሆናል» ብለው፣ አምረው ለብሰው፣ ልጃቸውን አስከትለው አዳራሽ መጡ። የ20 ዓመቶቹ ተጠሩ፣ የ25ቶቹ ተጠሩ፣ የ30ዎቹም ተጠርተው አለቀ። የእሳቸው ስም የለም። ያላካተትኳቸው የሠራተኞች መረጃ የሚያዝበት የኮምፒውተር ሲስተም 19 ዓመት ስለሚል ነበር። በኋላ እንደገባኝ የመጀመሪያዎቹን ስድስት ዓመታት የሠሩት በኮንትራት ነው፤ ሲስተሙ የሚቆጥረው ቋሚ ከሆኑበት ቀን ጀምሮ ነው።

በማግስቱ ቢሮዬ መጡ። አልተቆጡም። «ልጄ፣ ምናልባት ዓመቱን ተሳስቼ ቆጥሬው ይሆን?» ብቻ አሉኝ። «አጣራለሁ» ብዬ ሸኘኋቸው። አላጣራሁም። ከዚያ ወዲህ ባገኙኝ ቁጥር እንደ ድሮው ሰላም ይሉኛል፤ እኔ ግን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ዘንድሮም ዝርዝሩን እንዳዘጋጅ ታዝዣለሁ። ነገሩን ለአለቃዬ ባነሳ «ያለፈው አልፏል፤ እሱን ከነካካሽ ሌሎቹም የኮንትራት ዘመናችን ይቆጠርልን ብለው ይነሳሉ» አለኝ። ባልደረቦቼ ደግሞ «ዘንድሮ ‹የዓመቱ ምርጥ› ብለን እንሸልማቸውና ይካሱ» ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ቢለኝም ልቤ አልተቀበለውም። ያ ሽልማት በየዓመቱ የሚደርሰው ምርምር ላሳተሙ መምህራን ነው፤ የሬጅስትራር፣ የቤተ መጻሕፍትና የላብራቶሪ ሠራተኞች በዚህ ማጉረምረም ከጀመሩ ቆይተዋል። ዝም ልበል ወይስ የባልደረቦቼን ሐሳብ ልከተል?

ኅሊናዬ የሚወቅሰኝ

መልስ

ውድ እህቴ፤

በደብዳቤሽ ውስጥ ከሁሉ የከበደው «ተሳስቼ ቆጥሬው ይሆን?» የሚለው ጥያቄያቸው ነው። የምስክር ወረቀቱ መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ የኖሩትን ዕድሜ፣ ያውም ልጃቸው ፊት፣ እንዲጠራጠሩት መደረጋቸው ሌላ ነው። ስለዚህ አስቀድሞ የሚገባቸው ለዚያ ጥያቄ መልስ ነው። መልሱን ለመስጠት ደግሞ የማንም ፈቃድ አያስፈልግሽም፤ የሠራተኛን የአገልግሎት ዘመን በትክክል ይዞ ለባለቤቱ መንገር የመደብሽ ሥራ ነው። በአንድ ዓመት ዘግይቷል፤ ቢሆንም ዛሬም ይጠበቃል።

ነገ ጠዋት የግል ማኅደራቸውን አስወጪ። ሲስተሙን ለጊዜው ተይው። እንዲህ ያለው ስሕተት ብዙ ጊዜ የሚመጣው «የቅጥር ቀን» የሚለው ሣጥን አንድ ቀን ብቻ ስለሚይዝ ነው፤ ሠራተኛው ቋሚ ሲሆን ወይም መደብ ሲቀይር አዲሱ ቀን በአሮጌው ላይ ይጻፍና የቀድሞው ይጠፋል። ወረቀቱ ግን አይጠፋም። የመጀመሪያውን የቅጥር ደብዳቤ፣ እያንዳንዱን የኮንትራት ማደሻና ቋሚ የሆኑበትን ደብዳቤ ፈልጊ። አንዱ ማደሻ ከጎደለ የዚያን ጊዜ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ከፋይናንስ ጠይቂ፤ ፊርማቸው ያለበት የደመወዝ ሊስት ከደብዳቤ ያላነሰ ማስረጃ ነው። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ አራት ዓምድ አስምሪና «ከ»፣ «እስከ»፣ «የቅጥር ዓይነት»፣ «ማስረጃ» ብለሽ ሙዪው፤ ድምሩን ከታች አስቀምጪ። በሁለት ኮንትራቶች መካከል የጥቂት ሳምንታት ክፍተት ብታገኚ አትደናገጪ፤ ኮንትራት በትምህርት ዘመን ሲታሰር በእረፍት ወራት እንዲህ ያለ ቀዳዳ የተለመደ ነው። ዋናው ጥያቄ መመሪያችሁ «ያልተቋረጠ አገልግሎት» ይላል ወይስ «ጠቅላላ አገልግሎት» የሚለው ነው። መመሪያው ይህን ካልለየ የስድስት ዓመት ዕጣ በአንድ ባለሙያ ግምት መወሰን የለበትም፤ ውሳኔው በጽሑፍ እንዲሰጥ ጠይቂ።

አለቃሽ ክፉ ሰው አይመስለኝም። የፈራው ገንዘብ ይመስለኛል። የኮንትራት ዘመን በምስክር ወረቀት ላይ ከታወቀ ነገ የደረጃ እድገት፣ የጡረታ ወይም የካሣ ጥያቄ ሆኖ ይመጣብኛል ብሎ ሠግቷል። ሥጋቱን አቃልለሽ አትለፊው፤ መልስ ይዘሽለት ግቢ። ለእውቅና የሚቆጠር አገልግሎትና ለጥቅማ ጥቅም የሚቆጠር አገልግሎት ሁለት የተለያዩ ቆጠራዎች ሊሆኑ ይችላሉ። በእውቅና መመሪያው ላይ «ይህ ቆጠራ ለእውቅና ብቻ የሚያገለግል ሲሆን በሌላ ሕግ የሚወሰኑ መብቶችን አይጨምርም፣ አይቀንስምም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ የሕግ ክፍሉም ይየው። ሁለተኛ፣ «ሌሎቹም ይነሳሉ» የሚለውን በቁጥር መልሺለት። ከኮንትራት ወደ ቋሚ የተዛወሩትን ሁሉ አውጪና ባለፉት ሁለት ወይም ሦስት ዓመታት የእውቅና ዓመታቸው ያመለጣቸው ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ። ሰባት ወይም አሥራ አንድ ሰው ቢሆን የሚያስፈልገው ያን ያህል ወረቀትና አንድ የማረሚያ ደብዳቤ ነው። በስም የታወቀ ዝርዝር ስታቀርቢለት «ይነሳሉ» ያላቸው ሰዎች በቁጥር ይታወቃሉ።

«አሁንም አይሆንም» ቢልሽስ? ያጣራሽውን በማስታወሻ ጽፈሽ አቅርቢለት፣ ግልባጩንም ማኅደሩ ውስጥ አኑሪው። ከእሱ ጋር መጣላት አያስፈልግሽም።

ከዚያ ወደ እትዬ ሂጂ። ቢሮሽ አታስጠሪያቸው፤ ባለፈው ጊዜ መልስ ያጡበት ቦታ ነው። ተማሪ የማይኖርበትን ሰዓት ጠይቀሽ ላብራቶሪያቸው ሂጂ። ያን አንድ ገጽ ይዘሽ፣ «እትዬ፣ ቆጠራዎ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አጣራለሁ ብዬዎትም ሳላጣራ ቀረሁ» በያቸው። «ሲስተሙ ነው» አትበይ፤ እውነት ቢሆንም በዚያች ሰዓት ሰበብ ነው የሚመስለው። «ይቅር ካላሉኝ አልሄድም» ብለሽም አታስጨንቂያቸው፤ የአንቺን ሐዘን እሳቸው እንዲያባብሉ መሆን የለበትም። ወረቀቱን አብራችሁ እዩት። አንቺ ያላገኘሽውን አንድ ደብዳቤ እሳቸው ቤታቸው አስቀምጠውት ሊሆን ይችላል፤ ኮንትራት ሲያድስ የኖረ ሰው ወረቀቱን አይጥልም። መድረኩን ግን አለቃሽ ሳይፈቅድ ቃል አትግቢላቸው፤ ሁለተኛ ጊዜ ለብሰው መጥተው ቢቀሩ አይጠገንም። በእጅሽ ያለው የታረመው መዝገብና እውነቱ ነው፤ እሱን ስጪያቸው።

ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ምርጫው የእሳቸው ይሁን። ዘንድሮ ከ25ቶቹ ጋር መጠራት ይፈልጋሉ? ወይስ የትምህርት ክፍሉ ባልደረቦቻቸው ባሉበት፣ እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ፣ ዲኑ መጥተው ቢሰጧቸው ይመርጣሉ? በመድረክ ቢጠሩ «ባለፈው ዓመት ሊጠሩ ሲገባ በእኛ ስሕተት የቀሩ» ተብሎ እንዲነገር ይሻሉ ወይስ ይህ ባይነሳ ይሻላቸዋል? የሚመርጡትን አንገምትላቸው። የትኛውንም ቢመርጡ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው 25 ዓመት የሞላቸው ዓመት እንጂ ወረቀቱ የታተመበት መሆን የለበትም።

አሁን ወደ ባልደረቦችሽ ሐሳብ ልምጣ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እትዬን ስታስቢ ውስጥሽን የሚበላው የእሳቸው መጎዳት ነው ወይስ የአንቺ ጥፋት? ሁለቱም ቢሆን አልፈርድብሽም። ነገር ግን ጥፋት ሲከብደን ከሚገባው በላይ የሆነ ትልቅ ነገር ሰጥተን ቶሎ መገላገል እንፈልጋለን። «የዓመቱ ምርጥ» የሚለው ካሣ ይህን ይመስላል። እሳቸው የጠየቁት ዓመታቸው እንዲቆጠር ነው። ሌላ ስም ያለው ሽልማት ብትሰጪያቸው ጥያቄያቸው ሳይመለስ ይቀራል፤ መዝገቡም 19 እንዳለ ይኖራል፤ ዳኛ ሳያየው የተሰጠ መሆኑ ከታወቀ ደግሞ ሥራቸው ራሱ ይታማል። በሥራቸው ይገባቸዋል የሚል ሰው ካለ በወጉ ይጠቁማቸው፣ ከሌሎች እኩል ይዳኙ።

የችግራችሁ ሥር ያለው ሁለቱ ነገሮች በአንድ መዝገብ መያዛቸው ላይ ይመስለኛል። የረጅም ዘመን አገልግሎት ይቆጠራል፤ የላቀ ሥራ ይመረጣል። ለመጀመሪያው ዳኛ አያስፈልገውም። ዓመቱ የሞላ ሁሉ ያገኘዋል፣ የቅርብ ኃላፊ «እሱ እንኳ አይገባውም» ብሎ ስም መሰረዝ አይችልም፤ ጥፋት ያለበት ሠራተኛ ጉዳዩ በዲሲፕሊን መንገድ ይታያል እንጂ ከምስክር ወረቀት ዝርዝር በመፋቅ አይቀጣም። ይህን መለየት ዩኒቨርሲቲዎች ከማንም በፊት ሊያውቁት ይገባ ነበር። ለጡረታ ለበቃ ፕሮፌሰር የምንሰጠው «ኤመሪተስ» የሚለው ማዕረግ የላቲን ቃል ነው፤ በጥንቷ ሮም የአገልግሎት ዘመኑን ጨርሶ በክብር የተሰናበተ ወታደር ነበር እንዲያ የሚባለው። ለፕሮፌሰሩ ቃል ተገኝቶለታል። ለቴክኒሻኗ ያለን ያቺ ወረቀት ብቻ ናትና ቢያንስ ቁጥሯ ልክ ይሁን።

ለዘንድሮው ዝርዝር የምስክር ወረቀቱ ከሚሰጥበት በዓል አራት ወር በፊት ጀምሪ። መጀመሪያ የመቁጠሪያ ቀን ቁረጪ፤ ለምሳሌ «የበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ቀን ድረስ የሞላው» ብለሽ አስታውቂ። ከሲስተሙ ስታወጪ 25 የሚለውን ብቻ ሳይሆን በኮንትራት፣ በዝውውር ወይም ከሌላ ኮሌጅ ጋር በመዋሃድ የመጡትን ሁሉ ለብቻ አውጪና ማኅደራቸውን በእጅ እዪ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሰው «በእኛ መዝገብ አገልግሎትዎ ይህን ያህል ዓመት ነው፤ ልክ ካልሆነ በሦስት ሳምንት ውስጥ ያሳውቁን» የሚል አጭር ደብዳቤ ላኪ። ኢሜይል የማይከፍቱ የጥበቃ፣ የጽዳትና የግቢ ውበት ሠራተኞች ስላሉ በወረቀትም ይድረስ፣ በየክፍሉ ሰሌዳም ይለጠፍ። ይህ አንድ ደብዳቤ ባለፈው ዓመት ቢኖር ኖሮ እትዬ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት አንቺ ጋ ይመጡ ነበር።

የሚያሳስቱ ጉዳዮች በየዓመቱ ተመሳሳይ ናቸው። የወሊድና የሕመም ፈቃድ አገልግሎትን አያቋርጥም፤ ማንም ሊቀንሰው አይገባም። የትምህርት ፈቃድም ሠራተኛው ተመልሶ ከመጣ ቢቆጠር ይሻላል፤ ልኮ ያስተማረው ተቋሙ ነውና። ያለ ደመወዝ የተወሰደ ረጅም ፈቃድ ግን መመሪያ ይፈልጋል፤ የትኛውንም ብትወስኑ ለሁሉም እኩል ይሁን። በትርፍ ሰዓት ወይም በግማሽ ቀን የሠራ ሰው ዓመቱ ግማሽ ዓመት ተብሎ አይቆጠር፤ የምናከብረው ከእኛ ጋር የቆየበትን ዓመት እንጂ የሰዓት ድምር አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚረሱት ግን ዓመታቸውን ሞልተው ከበዓሉ በፊት ጡረታ የወጡት ናቸው። ሰውየው 30 ዓመቱን በመጋቢት ሞልቶ በሚያዝያ ጡረታ ይወጣል፤ በዓሉ ሰኔ ላይ ነው፤ ዝርዝሩ የሚወጣው በሥራ ላይ ካሉት ነው፤ ስሙ አይገኝም። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ የተሰናበቱትን ዝርዝርም አብረሽ አውጪ። በዓመቱ ውስጥ ያረፉ ካሉ ለቤተሰባቸው አስቀድመሽ ደውዪ፤ ምን እንደሚመርጡ ጠይቂያቸው፤ ስማቸው መድረክ ላይ በድንገት አይጠራ።

ስለ «ምርጥ ሠራተኛ» ሽልማቱ ማጉረምረሙ ትክክል ነው፤ ምክንያቱም መስፈርቱ የሚለካው የሕትመት ብዛት ከሆነ ላብራቶሪ የሚያሰናዳ ሰው ከመነሻው ተሸንፏል። ማስተማር፣ ምርምር፣ የቴክኒክና ላብራቶሪ ሥራ፣ የአስተዳደር አገልግሎት እና የቡድን ሥራ ተብሎ ዘርፉ ቢለይ፣ እያንዳንዱ ከእኩያው ጋር ይመዘናል። የጥቆማ ቅጹ አጭር ይሁን፤ ሦስት ጥያቄ ይበቃል። በፊት ምን ነበር፣ ሰውየው ምን አደረገ፣ ማን ምን ተጠቀመ። ከ300 ቃል አይለፍ፤ ገደብ ከሌለው የሚያሸንፈው ጥሩ ጸሐፊ ያለው የትምህርት ክፍል ነው። ኃላፊ ብቻ ሳይሆን ባልደረባና ተማሪም መጠቆም ይቻለው። ገምጋሚዎቹ አምስት ወይም ሰባት ይሁኑ፤ ከመካከላቸው አንድ ቴክኒሻንና አንድ የአስተዳደር ሠራተኛ አይጥፋ። ስብሰባ ከመቀመጣቸው በፊት ሁሉም ነጥቡን ለየብቻው ሞልቶ ያስረክብ፤ አለዚያ ነጥቡ ቀድሞ የተናገረው ትልቅ ሰው ነጥብ ይሆናል። የራሱ ክፍል ሰው ሲታይ ገምጋሚው ከስብሰባው ይውጣ፣ መውጣቱም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

አንድ ቀላል ነገር ግን ብዙ ተቋም የማያደርገው አለ፤ ላልተመረጡትም የተጻፈላቸውን ጥቆማ ስጧቸው። «ባልደረቦችዎ ስለ እርስዎ ይህን ጽፈው ነበር» የሚል ደብዳቤ ከነጥቆማው ሲደርስ፣ ጠቋሚው ከፈቀደ ስሙ ኖሮበት፣ ሰው መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጠዋል። አለቃሽ ጥናት የሚወድ ከሆነ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡትን ንገሪው። 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ አያያዝ ባለሙያዎችን በሥራቸው እጅግ የተደሰቱበትን ጊዜ ሲጠይቁ ተደጋግመው ከመጡት መልሶች ግንባር ቀደሞቹ ሥራን ከዳር ማድረስና እውቅና ማግኘት ነበሩ።

ለዕለቱ ሒሳብ ሥሪ። 60 ሰው እያንዳንዱ በ40 ሰከንድ ቢጠራ 40 ደቂቃ ነው። ለንግግር ከ10 ደቂቃ በላይ ከሰጠሽ ችኮላው የሚያርፈው በስም ጠሪው ላይ ነው፤ ስም የሚዘለለውና የሚሳሳተውም ያኔ ነው። ወረቀቶቹ በአጠራር ቅደም ተከተል ይደርደሩ፤ አንድ ሰው ከመድረኩ ሥር ቆሞ ከዝርዝሩ ጋር እያመሳከረ ያቀብል። ስም ከማተምሽ በፊት ባለቤቱ ራሱ አይቶ ይፈርምበት። መድረክ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ወረቀቱ በክፍሉ ይሰጠው።

ለ25 እና ለ30 ዓመቶቹ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር ይነበብላቸው። «ታታሪ፣ ቅን፣ ሥራ ወዳድ» የሚለውን ተይው፤ ለማንም ይሆናል፣ ስለዚህ የማንም አይደለም። የአንደኛ ዓመት የላብራቶሪ ትምህርት የሚሰጡትን መምህር ጠይቂና «እትዬ ባይኖሩ ምን ይጎድላል?» በያቸው። ምናልባት እንዲህ ያለ ነገር ታገኚ ይሆናል፦ «ለ25 ዓመት ወደዚህ ላብራቶሪ የገባ ተማሪ ሁሉ አሲድ ወደ ውኃ እንጂ ውኃ ወደ አሲድ እንደማይጨመር ከእሳቸው አፍ ሰምቷል።» የተነገረሽ እውነት ሌላ ከሆነ ሌላውን ጻፊ። ከማስነበብሽ በፊት ለእሳቸው አሳዪያቸው።

የጥሪ ወረቀቱንም ከስድስት ሳምንት በፊት በእጃቸው አድርሺላቸው። ሁለት ይሁን፤ አንዱ ለልጃቸው።